የመምህርቷ ግራ እጅ

ሥዕልን በስልክ ማስተማር ዋናን በደብዳቤ እንደ ማስተማር ነው። ይህን ለርዕሰ መምህራችን ፊት ለፊት ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ከሰው የማይገናኝበት ጊዜ ስለነበር በስልክ ነገርኩት። ሳቀ። ወረርሽኙ ጋብ ብሎ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ድረስ የሒሳቡም የሥዕሉም መምህር ቤቱ ሆኖ ትምህርቱን እየቀረጸ በየክፍሉ ግሩፕ እንዲልክ ተወስኗል አለኝ። ልጆቹ የሠሩትን ፎቶ አንስተው ይልካሉ፣ መምህሩ ያርማል፣ በቃ። እሱ በቃ ሲል እኔ ገና ጀመርኩ። ተከራከርኩ፣ ጮህኩ፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ ለባሌ ጮህኩበት። ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ይህን ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል፤ ባሌ ከነገራችሁ አጋኖ ነው።

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። አውቶቡሶቹ ሁሉ ጋራዥ ገብተው ስለነበር እሱም ቤት ገብቷል። ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረ ሰው ቤት ሲቀመጥ ሚስቱን መንዳት ይጀምራል። ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ይጠጋ ይላል፤ ወንበሩ ወደዚህ ይዙር ይላል፤ ብርሃኑ ከጀርባሽ ነው፣ ከፊትሽ ይሁን ይላል። ስለ ብርሃኑ እውነቱን ነበር፤ ግን አልነገርኩትም። ጠረጴዛውን እሱ ሳያይ አዞርኩት፤ ስልኬንም በሁለት የስኳር ጣሳዎች መካከል አቆምኩት። የስልኬ የኋላ ካሜራ ደረጃ ላይ ወድቆ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። የጣለው ማን እንደሆነ ለጊዜው እንተወው። ስለዚህ ሰው ራሱን በሚያነሳበት በፊተኛው ካሜራ መቅረጽ ግድ ሆነብኝ።

በመጀመሪያው ትምህርት ወረቀት ላይ በትልቁ «መስመር» ብዬ ጽፌ አሳየሁ። ግሩፑ በሳቅ ፈነዳ። ፊደሎቹ ተገልብጠው ነበር የደረሷቸው። ከልጆቹ አንዱ፣ በጆሮው የገባ ሁሉ በአፉ ስለሚወጣ ሬዲዮ የምንለው፣ ጽሑፌን በእናቱ መስታወት እያየ ሲያነብ ራሱን ቀርጾ ላከ። ስልኩ ለምን እንዲህ እንዳደረገ አልተመራመርኩም፤ ስልክ መመርመር የእኔ ሥራ አይደለም። ከዚያ ወዲህ መጻፉን ተውኩና ማለት የምፈልገውን ሁሉ በአፌ እየተናገርኩ በእጄ መሳል ብቻ ሆነ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ረሳሁት።

ከስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷን ፌንጣ እንላታለን። አንድ ቦታ አትረጋም። ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ጓደኛዋ ደብተር ስትዘል ነው የምትውለው፤ የሌሎቹ መምህራን ራስ ምታት ናት። እርሳስ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። አንገቷን ሰበር፣ ግራ ክንዷን እጥፍ አድርጋ ወረቀቱ ላይ ትደፋለች፤ ደወል ቢደወል እንኳ አትሰማም። ግራኝ ስለሆነች የግራ መዳፏ ጠርዝ የሳለችው ላይ እየሄደ ሁልጊዜ በእርሳስ እንደጠቆረ ነው። ብዙ ልጅ አስተምሬያለሁ። ፎቶ የመሰለ ሥዕል የሚሠራ ልጅ አይቻለሁ፤ እንደሷ ያለ መስመር ግን አላየሁም። አንድ ጊዜ ከጀመረች የምትሄድበትን ታውቃለች፤ አትሰርዝም፣ አትደጋግምም። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ጠዋት ተነስቼ ወደዚያ ትምህርት ቤት የምሄደው እሷን የመሰሉ አንድ ሁለት ልጆች ስላሉ ነው።

መንገድ ሲዘጋ እናቷ ለሥራ በሄደችበት ከተማ ቀረች። ልጅቷ ከእናቷ አባት ጋር ሆነች። አያቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸውን ዘግተው የስፌት መኪናቸውን ቤት አስገብተው ማስክ ይሰፉ ነበር።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ የገዛ ጫማን መሳል ነበር። የሁሉም ደረሰ። የሬዲዮ ጫማ ከራሱ ይበልጥ ይስቃል። የፌንጣን ስከፍት የሌላ ልጅ ሥዕል የተላከልኝ መሰለኝ። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ ተመልሶ በራሱ ላይ ይሄዳል፣ ጫማው ሰው የረገጠው ዳቦ መስሏል። ስትቸኩል ነው ብዬ አለፍኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበር ሳሉ አልኩ፤ የሷ ወንበር ሊቀመጡበት ቀርቶ ሊያዩትም ያስፈራ ነበር። ደሜ ፈላ። ሰነፍ ልጅ አንድ ነገር ነው፤ ተሰጥቶት የሚሰንፍ ልጅ ግን ያናድደኛል። በድምፅ መልእክት «ይሄን በእጅሽ ነው ወይስ በእግርሽ የሳልሽው?» ብዬ ላክሁላት። ባሌ ከሶፋው ላይ ሆኖ፣ ምናልባት አሟት ይሆናል፣ ቀስ በይ አለኝ። ያልተጠየቀ ሹፌር ብዬ አለፍኩት።

ለብዙ ቀን ዝም አለች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት አጭር ጽሑፍ መጣ፦ «ቲቸር፣ እኔ ሥዕል አልችልም። ትቼዋለሁ። ከግሩፑ ልውጣ?»

ልጅ ሥዕልን እንዴት እንደሚተው አውቃለሁ። ተጨቃጭቆ፣ አልቅሶ አይደለም የሚተወው፤ አልችልም ብሎ አንድ ጊዜ ካመነ አበቃ። ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ እርሳስ ብትሰጡት «እኔ እኮ መሳል አልችልም» ይላችኋል። ፌንጣ ከዚህ ግሩፕ ከወጣች፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የምትመለስልኝ ልጅ ሌላ ናት።

ደወልኩ። አያቷ አነሱ። ከጀርባቸው የስፌት መኪናው ይሰማል። ሰላምታው ረጅምና ጨዋ ነበር፤ የኔን ጤና፣ የባለቤቴን ጤና፣ የጎረቤትን ጤና ጠየቁ። ከዚያ ስለ ልጅቷ ሥዕል መበላሸት ሳነሳ ድምፃቸው ኩራት ኩራት አለው።

«መምህርት፣ እጇን እኮ እያቀናሁላት ነው» አሉኝ። «ለካ ስትበላም ስትጽፍም በግራዋ ኖሯል። እናቷ እያየች ዝም! አሁን አጠገቤ አስቀምጬ ሁሉን በቀኝ አስጀምሬያታለሁ። ትንሽ ጊዜ ይስጧት እንጂ ትለምደዋለች።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ልጅቷን በእግርሽ ነው ወይ ብዬ የሰደብኳት ትዝ ሲለኝ ጉንጬ ጋለ። ከዚያ በኋላ ንግግሬን ሁሉ አላስታውሰውም፤ ድምፄን ዝቅ ለማድረግ መታገሌን ግን አስታውሳለሁ። ግራኝነት ጉድለት አይደለም፣ አብሯት የተፈጠረ ነው አልኳቸው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ብዬ ተረትኩ። እሳቸው ተረት ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ቀኝ አውለኝ ይላል እንጂ ግራ አውለኝ ሲል አልሰማሁም አሉ። ግራ ገባው እንላለን፤ ቀኝ የገባው ሰው አይተው ያውቃሉ ወይ አሉ። ሳልወድ ሳቅኩ። እሳቸው ግን ቀልድ ላይ አልነበሩም።

«ልጄ» አሉ፣ መምህርት ማለቱን ትተው። «መቀሱም፣ በሩም፣ የክፍሉ ወንበርም የተሠራው ለቀኝ ነው። እኔ ዛሬ ነገ ነኝ። ሰው ሲስቅባት ማን አጠገቧ ይቆማል? በግራው ሠርቶ የተከበረ አንድ ሰው በዓይኔ ያሳዩኝና ያን ጊዜ እተዋታለሁ።»

የታላላቅ ሠዓሊዎችን ስም ዘረዘርኩላቸው። አንዱንም አላዩትምና አንዱም አልተቆጠረልኝም። ስልኩን ስዘጋ የተናደድኩት በሳቸው አልነበረም። ክፉ ሰው ናቸው ብል እንዴት ደስ ባለኝ! የምትወዷትን ልጅ የሚጎዳት ሌላ የሚወዳት ሰው ሲሆን ቁጣችሁን የምታሳርፉበት ቦታ ይጠፋችኋል። ለፌንጣ፣ ከግሩፑ አትውጪ፣ ባትስዪም ቁጭ ብለሽ እዪኝ ብዬ ብቻ ጻፍኩላት። እሺ አለች። እሺታዋ ልብ አይሞላም ነበር።

ትምህርቱን ቀጠልኩ። ስለ ጥላና ብርሃን ቀረጽኩ፤ ስለ ክብ ቀረጽኩ፤ ባሌ ሲያንቀላፋ ሳልኩትና ስለ ሰው ፊት ቀረጽኩ። ፌንጣ ታያለች፤ ምንም አትልክም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ፌንጣ የሥዕል ፎቶ ልካለች። የአያቷ የስፌት መኪና ነው፤ መንኮራኩሩ፣ ክሩ በመርፌው ሲያልፍ፣ ከሥሩ የተከመረው ማስክ። የምን ፎቶ፣ የድሮዋ ፌንጣ ራሷ ናት የመጣችው! ክሩን በአንድ ትንፋሽ ነው ያወረደችው። አለቀስኩ። ባሌ ሮጦ መጣ፤ ሰው የሞተ መስሎት። ስልኩን ሰጠሁት፣ አየው፣ መኪናው ጥሩ ነው አለ። ለእሱ መኪና ሁሉ መኪና ነው።

ከፎቶው ሥር የአያትየው የድምፅ መልእክት ነበር። ደጋግሜ ስላዳመጥኩት እንዳለ ላስቀምጠው።

«መምህርት፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ትናንት ቁልፍ እየተከልኩ ከልጅቷ አጠገብ ተቀምጬ ትምህርትዎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። እጅዎን አየሁት። ያን ሁሉ ስናገር ምነው ዝም አሉኝ? እኔም ግራኝ ነኝ ቢሉኝ ምን ነበረበት? ጨዋነት ነው፣ ገባኝ። በግራዎ ይህን ሁሉ ልጅ ካስተማሩ፣ እኔ ማን ነኝ የልጅቷን እጅ የማስረው? ፈትቻታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሁለቱን እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። ከተወለድኩ ጀምሮ የምበላውም፣ የምጽፈውም፣ የምስለውም በቀኜ ነው። ግራ እጄ ወረቀት ከመያዝ ሌላ ሥራ የላትም። አያትየው ሌላ ሰው አይተው ይሆን? ሾፌሩ መልእክቱን አስደግሞ ሰማ፤ ከዚያ የቀረጽኩትን ከፍቶ አየ፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ተደፍቶ በሳቅ መንፈራፈር ጀመረ። እስኪጨርስ መጠበቅ ነበረብኝ።

«አንቺ ሴት፣ እኔ እኮ ስንት ዓመት የኖርኩት በመስታወት ነው» አለኝ እንባውን እየጠረገ። አምቡላንስ ግንባሩ ላይ ስሙ ለምን ተገልብጦ እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። ከፊት ያለው ሹፌር በመስታወቱ ሲያየው ቀና ሆኖ እንዲነበብለት ነው። የኔም ስልክ በፊት ካሜራው ሲቀርጽ እንደ መስታወት ነው የሚቀርጸው፤ ፊደሉን እንደገለበጠው እጄንም ገልብጦታል። ወር ሙሉ ለልጆቹ ሁሉ ግራኝ ሆኜ ስታይ ኖሬያለሁ ማለት ነው። የፊደሉን ሲነግሩኝ የእጄን ያላሰብኩት እኔ፣ ሰው ነገር አስተውሎ ማየት አለበት እያልኩ የማስተምር ነኝ።

ወዲያው ደውዬ እውነቱን ልናገር ስልኩን አነሳሁ። ባሌ እጄን ያዘኝ።

«ለማን ብለሽ?» አለኝ። «ልጅቷ በግራዋ እየሳለች አይደል? ሆድ ይፍጀው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልባል ፈራሁ፤ ዝም አልኩ። የዋሸሁት ነገር የለም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ የዋሸው ስልኩ ነው። በየሳምንቱ ከፌንጣ ሥዕል ይመጣል። የአያቷ መነጽር፣ የውሃ ጀሪካን፣ አንድ ቀን ደግሞ የእናቷ ፊት፣ በስልክ እያወሩ የሳለችው። አያትየው ሰላምታ ይልኩልኛል። ግራኟ መምህርት እያሉ ለጎረቤት ሁሉ እንደሚያወሩልኝ ፌንጣ ነገረችኝ። ደስታዬን የሚያህል ነገር አልነበረም፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር ግን በየሳምንቱ ይከብደኝ ጀመር። ባሌ የኋላውን ካሜራ ላሠራልሽ ሲለኝ እጁን ከስልኬ አነሳሁት።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ጥሩ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ግን የመጨረሻው ትምህርት በቀጥታ፣ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው እያዩ ይሁን አለ። ባሌ ከመኝታ ቤት በራሱ ስልክ በቪዲዮ ደወለልኝና ሞከርን። ለኔ መስታወት ነው የሚያሳየኝ፤ ለሱ ግን የሚታየው እንዳለሁት፣ እርሳሱን በቀኜ ይዤ ነው። በቀጥታ ስርጭት ግራኝ የምሆንበት መንገድ አልነበረም፤ በግራዬ ካልሳልኩ በቀር።

ስለዚህ ልምምድ ጀመርኩ። እርሳሱ በግራ እጄ ውስጥ የሰው እርሳስ ሆነ። ክብ ስጀምር ድንች ይሆናል፤ ቀጥ ያለ መስመር ስጀምር መንገድ ላይ ሐሳቡን ይለውጣል። አእምሮዬ የሚያየውን እጄ አይሰማም። በሦስተኛው ቀን እርሳሱን ወርውሬ ወረቀቱን ቀደድኩ፤ ባሌ ዝም ብሎ ለቀመው። ያን ጊዜ ነው የፌንጣ ጫማ ትዝ ያለኝ። ልጅቷ ያን ሁሉ ሳምንት ስትታገል፣ መንገዱን እያየችው እጇ አልታዘዝ ሲላት፣ እኔ ደግሞ ሰነፍሽ ብዬ ስሰድባት። የትም ቦታ ሆኜ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ፌንጣ ደወለች። አያቷ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ነው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

«ቲቸር፣ በቀጥታው ትምህርት በግራዎ መሳል ይችላሉ?»

«ታውቂያለሽ?»

«ሁለት ዓመት አስተምረውኝ እንዴት አላውቅም? አያቴ ሲያይዎት እኔም ሳይ ነበር። ዝም አልኩ።» ቀጥላም «ክፍሉም ሁሉ ያውቃል። ለማንም እንዳይናገሩ ነግሬያቸዋለሁ» አለች።

ክፍሉ ሁሉ! ሬዲዮም ጭምር! ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። በዚያ ፈንታ አልቻልኩም፣ እጄ እንቢ አለኝ አልኳት። እሷም ማስተማር ጀመረች። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ጋደል ያድርጉት። እርሳሱን አጥብቀው አይያዙ። በጣት አይጀምሩ፣ ከትከሻ ይምጣ። እኔ ለሷ የነገርኳትን ነው ገልብጣ የምትነግረኝ፤ ከእኔ ይልቅ ግን ትዕግሥት አላት፣ አንድ ጊዜ እንኳ በእግርዎ ነው ወይ አላለችኝም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። የሷ ትምህርት ድንቼን እንቁላል አደረገልኝ፤ ክብ ግን አልሆነም።

ቀኑ ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ ማንቆርቆሪያ አስቀመጥኩ፤ የቤታችን አሮጌ፣ ጎኑ የተጎደጎደ። ስልኩ ላይ የልጆቹ ፊት በትናንሽ መስኮት ተደረደረ፤ ከየልጁ ጀርባ እናት፣ አባት፣ ታላቅ እህት። ርዕሰ መምህሩም ከረባት አስሮ ገብቷል። የፌንጣ አያት መነጽራቸውን ጠርገው ስልኩን እጅግ ስላስጠጉት ግማሽ ግንባራቸው ብቻ ነው የሚታየው። ባሌ ከስልኩ ጀርባ ቆሞ አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

ሰላምታ ሰጥቼ እርሳሱን በግራዬ ያዝኩ። ከክዳኑ ክብ ጀመርኩ። እየሳልኩ መናገር አለብኝ፤ እየተናገርኩ እጄን መጠበቅ አለብኝ። ክዳኑ ተጣመመ። ሆዱ ወደ አንድ ወገን አበጠ። እጀታው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ጠፋው። ቀና ብዬ ልጆቹን አየሁ። አንድም አልሳቀም። ሁሉም ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ፈተና ላይ እንዳለ ሰው ተቀምጠዋል። የአንዱ ማይክሮፎን ሲከፈት ሰማሁ፤ ሬዲዮ ነው።

«ቲቸር፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ውሃ አለ?» ብሎ ዘጋው። ያን ጊዜ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት። ለካ ያ ልጅ ምስጢር ይጠብቃል።

ወዲያው አያትየው ተናገሩ። ድምፃቸው አዘነ።

«መምህርት፣ እጅዎ ዛሬ ይንቀጠቀጣል። አሞዎታል እንዴ?»

በዚያ ወቅት አሞኛል የሚል ቃል ከአንድ ሰው አፍ ከወጣ መንደሩ ሁሉ ይደነግጣል። ከየመስኮቱ ፊቶች ወደ ስልኩ ተጠጉ። ባሌ ከጀርባ ሆኖ አዎ በይ፣ አዎ በይ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ቀላል ነበር። ትንሽ ራስ ምታት ብዬ ትምህርቱን ልዘጋው እችል ነበር። የሳልኩትን ማንቆርቆሪያ አየሁት፤ የፌንጣ ጫማ ነው፣ ቁርጥ። ይህን የሚያህል ማስረጃ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ለምን እዋሻለሁ? ልጅቷስ ቢሆን፣ እጇን ያስፈታላት የስልክ ስህተት ከሆነ፣ ስህተቱ የታወቀ ቀን ተመልሳ መታሰሯ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ካልቀረ ዛሬ ይጥራ አልኩ።

«አባባ፣ አላመመኝም» አልኩ። «እኔ ግራኝ አይደለሁም። ስልኬ እንደ መስታወት ስለሚቀርጽ ነው ግራኝ መስዬ የታየሁዎት። ካወቅሁ በኋላም ዝም አልኩ፤ ልጅቷን በቀኝሽ እንዳይሉብኝ ፈርቼ።»

መልስ ሳልጠብቅ እርሳሱን ወደ ቀኜ አዛወርኩና ከመጀመሪያው ማንቆርቆሪያ አጠገብ ሌላ ሳልኩ። ክዳኑ፣ ሆዱ፣ የተጎደጎደው ጎኑ። እጄ ቤቷ ገባች። ወረቀቱን አንስቼ ለሁሉም አሳየሁ።

«ሁለቱንም የሳልኩት እኔ ነኝ። አንድ ዓይን፣ አንድ ጭንቅላት፣ አንድ ቀን። ይሄ የተጣመመው ትክክለኛ እጄን ሲወስዱብኝ የምስለው ነው። እኔ የዚህን ያህል ዓመት ተምሬ እንዲህ ከሆንኩ እሷን ያስቧት። እሷ ጫማዋን እንዲህ አድርጋ ስትልክልኝ እኔም ሰድቤያታለሁ። ፌንጣ፣ ይቅር በይኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ከረባቱን ያስተካክላል። አያትየው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ስልኩ ሲናወጥ ጣሪያ ታየ፣ ግድግዳ ታየ፣ ከዚያ የነሱ መስኮት ጨለማ ሆነ።

አበቃ ብዬ ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ባሌ ከስልኩ ጀርባ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ልጆቹ እያዩኝ ነው፤ ትምህርቱን መቀጠል ነበረብኝ። ልጅቷን በገዛ አፌ አሳልፌ ሰጠኋት የሚለው ብቻ ነበር በጭንቅላቴ የሚዞረው።

መስኮቱ ተመልሶ በራ። አሁን የሚታየው የአያትየው ግንባር አልነበረም። ስልኩ ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ጠረጴዛ ያያል፤ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ተዘርግቷል፣ ዳርና ዳሩ በልብስ መርፌ ተወጥሯል። ከጎን የአያትየው ድምፅ መጣ።

«ይቅርታ፣ ስልኩን የማንጠለጥልበት ስፈልግ ነው የቆየሁት» አሉ። «መምህርት፣ ስልክዎ አታሎኛል፤ እርስዎም ጨምረውበታል። የዚያን በኋላ እንነጋገርበታለን። ልጅቷ ግን ያን ሰሞን አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር፤ እጇን ከለቀቅኩላት ወዲህ ስትስቅ ትውላለች። ሳቋን የሰማሁት በገዛ ጆሮዬ ነው፤ በስልክ አይደለም። ሌላ ግራኝ ማየት አያስፈልገኝም፤ ይቺው በቤቴ አለችልኝ። በሉ ይቀጥሉ፣ ትምህርቱ አያምልጣት።»

ሬዲዮ ማይክሮፎኑን ከፍቶ ቲቸር እያለቀሱ ነው ወይ አለኝ። ማይክሮፎንህን ዘግተህ እርሳስህን ያዝ አልኩት። ፊቴን በእጅጌዬ ጠርጌ ማንቆርቆሪያውን ወደ ስልኩ አስጠጋሁና ሁሉም ከክዳኑ ክብ እንዲጀምሩ ነገርኳቸው።

ፌንጣ ግን ጀምራ ነበር።